ዕዳ ወንጀል የሚሆነው የት ላይ ነው?

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዕዳ ነው። ከጓደኛ ስለተወሰደች ሁለት ሺህ ብር ወይም ለሠርግ ስለተበደሩት ገንዘብ አላወራም። የማወራው ስለ ንግድ ዕዳ ነው፤ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ ስላያችሁት የቡና ዕዳ። ነግዶ ከስሮ የሰው ገንዘብ ያልከፈለ ሰው ባለዕዳ ብቻ ነው ወይስ ወንጀለኛ? ይህን ጥያቄ ገንዘብ ያለበትም ገንዘብ የቀረበትም ይጠይቀዋል። አንደኛው «እታሰር ይሆን?» ብሎ፣ ሌላው «ለምን አይታሰርልኝም?» ብሎ።

ከዲላ ተነስተህ በወናጎና በይርጋ ጨፌ አድርገህ ወደ ደቡብ ስትዘልቅ፣ ገደብ አካባቢ ወርቃን ታገኛታለህ። ቡናዋን ባሕር ማዶ ያሉ ቡና ቆይዎች በስሟ ጠርተው ይገዙታል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር እንሰቱና ቡናው ተቃቅፈው የሚያድጉበት ያ ጥንታዊ አሠራር ነው የተመዘገበው። እንግዳ ሲመጣ የሚያየው ይህንን ነው። የመንደሩ ሰው ግን ከዛፉ ሥር ሌላም ነገር ያውቃል፤ ደብተሩን።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የለቀማ ወቅት ገበሬው ቀኑን ሙሉ የለቀመውን እሸት ቡና አመሻሹ ላይ ተሸክሞ ወደ ሰብሳቢው ይመጣል። ሰብሳቢው ይመዝናል፣ ደብተሩ ላይ ስሙን፣ ኪሎውንና ዋጋውን ይጽፋል። የተወሰነውን አሁኑኑ ይከፍልና የቀረውን «ሳምንት» ይላል። ገበሬው ለምን እሺ ይላል? እሸት ቡና ጊዜ አይሰጥማ! በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፣ ጥራቱ ይወርዳል። ሰውየው ቡናውን መልሶ ተሸክሞ «ነገ ሌላ ገዢ እፈልጋለሁ» ቢል የሚከስረው እሱ ነው። ስለዚህ ያምናል። አማራጭ ኖሮት አይደለም የሚያምነው፣ ይህን ልብ በልልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ሰብሳቢውም በተራው አቅራቢውን ይጠብቃል። አቅራቢው ላኪውን፣ ላኪው ደግሞ የውጭ ገዢውን። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ ላይ ላኪው ዘንድ አንድ ጭነት ቢጓተት ወይም ዋጋ ቢወርድ፣ ታች የሚነኩት ገበሬዎች ብዙ ናቸው። ሰንሰለቱ የተሠራው ከገንዘብ ሳይሆን ከቃል ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አሁን ሁለት ወጣቶችን አስብልኝ። በእውን ያሉ ሰዎች አይደሉም፣ ለትምህርት ያህል ነው። ሁለቱም የገበሬ ቡና በዱቤ ይሰበስባሉ። በጥር መጨረሻ ላይ ሁለቱም የ600 ሺህ ብር ዕዳ አለባቸው፣ ሁለቱም እጃቸው ላይ ምንም የለም።

የመጀመሪያው ቡናውን የተረከበው ሊሸጠው ተዋውሎ ነው። ያልታሰበ ዝናብ መጣ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያለው ቡና ተበላሸ፣ የተረፈውም በወረደ ዋጋ ተሸጠ። ነገሩን ባወቀበት ሳምንት መግዛቱን አቆመ። ገበሬዎቹን ሰብስቦ «ይህ ደርሶብኛል፣ ያለኝ ይህ ነው» አለና ያለችውን አከፋፈለ። የቀረውን ወረቀት ላይ ፈረመላቸው።

ሁለተኛው በኅዳር ከሰረ። ለማንም አልተናገረም። በታኅሣሥም ሚዛኑን ይዞ ወጣ። «ገንዘቡን ላኪው አስገብቶልኛል፣ ባንክ ሰኞ ነው የሚለቀው» እያለ እሸት ሰበሰበ። ላኪ የሚባል የለም፣ ባንክ የገባም ገንዘብ የለም። ከአዲሶቹ ገበሬዎች የወሰደውን ቡና ሸጦ የኅዳሮቹን ዝም አሰኘ። በጥር የታኅሣሦቹ መጡ።

ደብተር ላይ እኩል ናቸው፣ 600 ሺህ እና 600 ሺህ። ሕግ ፊት ግን ፈጽሞ አይገናኙም።

የመጀመሪያው ጉዳይ የፍትሐ ብሔር ነው። ገበሬዎቹ ይከሱታል፣ ይረቱታል፣ ንብረት ካለው በፍርድ አፈጻጸም ተሸጦ ይከፈላቸዋል። ከሌለው ዕዳው ጫንቃው ላይ ይቆያል። ውል አልፈጸመም፣ ሰው ግን አላታለለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በ11ኛው አንቀጹ፣ ማንም ሰው የውል ግዴታውን መወጣት ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። አያቶቻችን በነበሩበት ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ አብረው ይሄዱ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ቁራኛ ይባል ነበር። ዛሬ ሕመም ያስተኛውን ሰው «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የመጣ ቃል ነው። ያ ቀርቷል፣ አልሐምዱሊላህ።

የሁለተኛው ወጣት ጉዳይ ግን ወደ ወንጀል ሕጉ ይሄዳል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 «አታላይነት» የሚለው ወንጀል አለ። በቀላል ቋንቋ ላስረዳ። አንድ ሰው የማይገባውን ጥቅም ለራሱም ሆነ ለሌላ ለማግኘት አስቦ፣ ሐሰት በመናገር፣ ወይም ማንነቱንና ሁኔታውን በመለወጥ፣ ወይም መግለጥ የሚገባውን በመደበቅ፣ ወይም ሌላው የተሳሳተውን ስሕተት በመጠቀም፣ ያን ሰው ንብረቱን የሚጎዳ ነገር እንዲያደርግ ካደረገው አታሏል። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፣ ነገሩ ከከበደ ደግሞ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት፣ መቀጮም አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አትለፈኝ። አንደኛው፣ ሕጉ የሚጠይቀው «ከፈልክ ወይስ አልከፈልክም?» ብሎ አይደለም። «ስትወስድ ምን ብለህ ወሰድክ?» ብሎ ነው። ዓይኑን የሚጥለው ዕዳው በሚከፈልበት ቀን ላይ ሳይሆን ቡናው ከገበሬው ትከሻ ወርዶ ሚዛንህ ላይ በወጣበት ምሽት ላይ ነው። ያን ምሽት እውነት ተናግረህ በጥር ብትከስር ባለዕዳ ነህ። ያን ምሽት ዋሽተህ ከሆነ፣ ዕዳውን በጥር ብትከፍለው እንኳ ማታለልህ ተፈጽሟል። መክፈልህ ቅጣት ያቀልልሃል እንጂ ያለፈውን ምሽት አይመልሰውም።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። ብዙ ወጣት «እኔ አልዋሸሁም፣ ጠይቆኝም አያውቅም» ይላል። ቅድም ልብ በልልኝ ያልኩህን አስታውስ። ገበሬው የሚሰጥህ ምርጫ ስላጣ፣ አንተ እንደ ወትሮው ያለህ ስለመሰለው ነው። መክሰርህን ያወቅከው አንተ ብቻ ነህ። እንደዚያ ሆነህ ሚዛን ዘርግተህ ስትቆም፣ ሚዛኑ ራሱ «እከፍላለሁ» ይላል። ሰውየው እንደተሳሳተ እያየህ በስሕተቱ መጠቀም በሕጉ ውስጥ በግልጽ አለ።

በተቃራኒው ደግሞ፣ ቡናውን በእውነት ከተረከብክ በኋላ ገበሬው ሲደውል «መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ መዋሸት ብቻውን በአብዛኛው አታላይነት አይሆንም። ቡናው በውሸቱ አልተገኘምና። ይህን የምነግርህ ውሸቱን ላቀልልህ አይደለም፤ መስመሩ የት እንዳለ በትክክል እንድታውቅ ነው። ምክንያቱም የነገው ውሸት ሌላ ቡና ካመጣ ያኔ መስመሩን ተሻግረሃል።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ አብዝተው ይጠበቁ ነበር። ለምን ይህን ያህል ብለው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ሰው ዕዳ ሲገባ ሲናገር ይዋሻል፣ ሲቀጥርም ያፈርሳል የሚል ነው መልእክቱ። እንግዲህ አስተውል፣ የፈሩልን ድህነቱን ብቻ አይደለም። ዕዳው አፋችንን ምን እንደሚያደርገው ነው። የሁለተኛው ወጣት ታሪክ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። እሱም በጥቅምት እንደ መጀመሪያው ቅን ነበር። አንድ ቀን ሌባ ልሁን ብሎ አልተነሳም። «ይህችን ዙር ልለፋትና ሁሉንም እከፍላለሁ» ብሎ ነው የጀመረው።

«ነይቼ ነበር እኮ!» ይላል እንዲህ ያለ ልጅ ሁልጊዜ። አዎ፣ ኒያ ትልቅ ነገር ነው። ቡኻሪ ከአቡ ሁረይራ በዘገቡት ሐዲስ፣ የሰውን ገንዘብ ሊመልስ አስቦ የወሰደን አላህ እንደሚከፍልለት፣ ሊያጠፋው አስቦ የወሰደን ደግሞ አላህ እንደሚያጠፋው ተነግሯል። ግን ራስህን በሐቅ ጠይቅ። ከየት እንደምትከፍል ሳታውቅ፣ የምትከፍልበት የለም ብለህ መናገር አፍረህ፣ በሌለ ላኪ ስም የወሰድከው ገንዘብ የመመለስ ኒያ የቱ ጋ ነው ያለው? ምኞት ሌላ፣ ኒያ ሌላ። እኔ እስከሚገባኝ ኒያ ያለው ሰው ቢያንስ መንገዱን ያውቃል።

ለመጀመሪያው ወጣት ደግሞ የሚያጽናና ታሪክ አለ። ሙስሊም ከአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ ዘግበውታል። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንድ ሰው በገዛው ፍሬ ላይ ጉዳት ደረሰበትና ዕዳው በዛ። ከእኛ የቡና ነጋዴ ምን ይለያል? ነብዩ ሰዎች ሰደቃ እንዲሰጡት አዘዙ። ሰጡት፣ ግን ዕዳውን አልሞላም። ያኔ ለባለገንዘቦቹ ያገኙትን እንዲወስዱ፣ ከዚያ ውጪ ሌላ እንደማይኖራቸው ነገሯቸው። ሰውየው አልታሰረም፣ አልተሰደበም። ያለው ግን ሁሉ ወጣ፣ ምንም አልደበቀም። አላህም በሱረቱል በቀራ በ280ኛው አንቀጽ ለተቸገረ ባለዕዳ እስኪሻለው ጊዜ መስጠትን አዟል፣ መማር ደግሞ የበለጠ መሆኑን ነግሮናል።

እንዳያምታታህ፣ ይህ ሁሉ ለሌለው ሰው ነው። እያለው የሚያጓትተውን ነብዩ በዳይ ብለውታል፣ የፊቅህ ሊቃውንትም እንዲህ ያለውን ዳኛ ሊያስረው እንደሚችል ጽፈዋል። ቤቱን በወንድሙ ስም አዛውሮ «የለኝም» የሚል ሰው የ280ኛውን አንቀጽ ባይጠቅስ ይሻለዋል።

አሁን ስለ ቼክ። እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ሳያውቅ ይወድቃል። አቅራቢው ዋስትና ሲጠይቀው የነገ ቀን ጽፎ ቼክ ይፈርማል፣ አንዳንዱማ መጠኑን እንኳ ሳይሞላ። «ባንክ አይወስደውም፣ ለዋስትና ነው» ይባባላሉ። ቼክ ግን የብድር ወረቀት አይደለም። ቀኑ ምንም ቢል ባንክ በቀረበበት ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው። የሚከፈልበት ገንዘብ እንደሌለ እያወቁ ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሰፈር ውስጥ ደረቅ ቼክ የምንለው ማለት ነው። ቀላሉን የንግድ ዕዳ በአንድ ፊርማ ወደ ወንጀል የሚቀይረው እሱ ነው፤ «ለዋስትና ነበር» ማለትም ሰው እንደሚያስበው አያድንም። ዋስትና መስጠት ካስፈለገህ ዋስ ጥራ ወይም ንብረት አስይዝ፣ ቼኩን ግን ተወው።

አንድ ሌላም አለ። ላኪው ወይም አቅራቢው «ቡና ግዛልኝ» ብሎ ገንዘብ ላከልህ እንበል። ያ ገንዘብ የአንተ አይደለም፣ አማና ነው። በእሱ ባጃጅ ገዝተህ «ትርፉን ሳገኝ እመልሳለሁ» ብትል፣ ያለብህ ተራ ዕዳ አይደለም። ሕጉ በአንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ይለዋል። በዱቤ የወሰድከው ቡናና ለሥራ የተሰጠህ ገንዘብ ኪስህ ውስጥ አንድ ቢመስሉም ሁለት ናቸው። ኪሱንም ብትለየው ጥሩ ነው፤ ሁለት የባንክ ሒሳብ መክፈት ምንም አይከብድም።

ገንዘብህ ለቀረብህ ላንተ ደግሞ አንድ ቃል። ንዴትህ ይገባኛል። በተለይ ዓመት ሙሉ የለፋባትን ቡና የሰጠ ገበሬ፣ የልጆቹ ደብተርና የቤቱ ቆርቆሮ እዚያች ገንዘብ ውስጥ ነበረ። ነገር ግን የከሰረውን ልጅ አታላይ አስመስለህ ፖሊስ ጣቢያ ብትወስደው፣ «ይታሰርና ዘመዶቹ ይከፍላሉ» ብለህ ብታስብ፣ ይህም ሐራም ነው። ንጹሕ መሆኑን እያወቁ ሰውን በሐሰት መወንጀል በሕጉም ወንጀል ነው። መጀመሪያ ጠይቅ፦ ሲወስድ ዋሽቶኛል? ምን ብሎ? ማን ሰማ? መልስ ካለህ ወደ ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ ሂድ፣ መብትህ ነው። መልስ ከሌለህ መንገድህ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ነው፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ሽማግሌ። ጌዴኦ ሶንጎ የሚባል የአባቶች ሸንጎ አለው። ለእንዲህ ያለ ነገር የሶንጎ አባቶች የማይቸኩል ጆሮ አላቸው። የወንጀል ክስ ከተከፈተ በኋላ ግን ጉዳዩ በአንተና በእሱ መካከል ብቻ አይቀርም። ከሳሹ መንግሥት ይሆናልና ዕርቁ በራሱ ክሱን አይዘጋውም።

ደግሞ ይህንን በግልጽ ልናገር። በወርቃና በአካባቢው ቡናውን የሚሰጥህ ጎረቤትህ ብዙውን ጊዜ ሙስሊም አይደለም። «የእነሱ ሐቅ ቀላል ነው» የሚል ሹክሹክታ ሰምቼ አውቃለሁ፣ አሳፍሮኛል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዓለም ሲለዩ ጋሻ ጥሩራቸው ለቤተሰባቸው በወሰዱት ገብስ አንድ አይሁዳዊ ዘንድ በመያዣነት ነበር። መያዣ ሰጥተው ነበር የወሰዱት፣ ሐቁ የሌላ እምነት ሰው ነው ብለው አላቃለሉትም።

ወደ ደብተሩ ልመለስና ላብቃ። የበቀራ 282ኛው አንቀጽ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ነው፣ የሚናገረውም ስለ ዕዳ ነው። እጅ በእጅ የሆነ ንግድ ባይጻፍ ችግር እንደሌለው፣ ጊዜ የተሰጠው ዕዳ ግን እንዲጻፍ ያዛል። የኛ ልጆች ቡናውን እጅ በእጅ ንግድ አድርገው ያስባሉ። «ሳምንት» ካልክ ግን ዕዳ ሆኗል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር ያለ ጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት ያለ እምነት ቃል ወይም መሐላ፣ እንደማይረጋገጥ በአንቀጽ 2472 አስቀምጧል። ያ ቁጥር ሲጻፍ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ለአንድ ምሳ እየቀረበ ነው።

አንቀጹ ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። ቃሉን የሚናገረው ባለዕዳው ነው። ጸሐፊው ግን ሌላ ፍትሐዊ ሰው ነው፣ ምስክሮችም አሉ። የኛን ሚዛን ደግሞ ተመልከት። ባለዕዳው ራሱ ይመዝናል፣ ራሱ ይጽፋል፣ ደብተሩንም ራሱ ይዞ ይሄዳል። ገበሬው እጁ ላይ ምንም የለም። ይህ አሠራር ለገበሬው ብቻ አደጋ አይደለም፣ ላንተም ነው። በጥር ስትከስር «እውነቱን ነግሬያቸው ነበር» ብትል በምን ታሳያለህ? ስለዚህ በሚቀጥለው ለቀማ ሁለት ቅጂ ጻፍ፣ አንዱን ለገበሬው ስጥ። ኪሎውን፣ ዋጋውን፣ የሚከፈልበትን ቀን ጻፍ። «የሚከፈለው ላኪው ሲከፍለኝ ነው» ከሆነ እሱንም ጻፈው። ማንበብ ለማይችል በሰው ፊት አንብብለት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ካለ ልጁ ያንብብለት።

አሁን በዚህ ሰዓት ይህንን እያነበብክ ሆድህን የሚቆርጥህ ካለህ፣ ለነገ አትበለው። ሚዛኑን ዛሬ አንሳ፣ አንድ ኪሎ እሸት እንኳ አትጨምር። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ደብተሩን ግለጥና ከላይ ካለው ስም ጀምር። ስልኩን ሲያነሱ «አባባ፣ እኔ ነኝ። ገንዘቡ የለኝም። ላኪ አለ ያልኩዎት እውነት አልነበረም። ያለኝ ይህ ነው፣ እሑድ ይዤው ቤትዎ እመጣለሁ» በላቸው። ይቆጡሃል። አትዝጋው፣ እስኪጨርሱ ስማቸው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም እለፍ።